የዓይን ቆብ ሲወርድ፦ ወላጅ ይዛችሁ ለኦፕራሲዮን ለምትሄዱ

መንዝ ውስጥ «የዓይን ቆብ ኦፕራሲዮን» ብትሉ ሰው ሁሉ የሚመጣለት ትራኮማ ነው። ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ፀጉሩ ዓይን ይወጋል፣ እናቶቻችን በወረንጦ ሲነቅሉት ይኖራሉ። የዚያን ቀዶ ጥገና በየጤና ጣቢያው የሠለጠኑ ባለሙያዎች ይሠሩታል። እኔ የምጽፈው ስለ ሌላው ነው። ቆቡ ሳይታጠፍ ዝም ብሎ ወርዶ ብሌኑን ስለሚሸፍነው። ሁለቱን አታምታቱ፤ ሕክምናቸው ለየቅል ነው።

አባቴን ይዤ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል የተመላለስኩት እኔ ነኝ። አባቴ ማለዳ ዳዊት ሳይደግሙ እህል አይቀምሱም። ቆባቸው ከወረደ ወዲህ መጽሐፉን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኝ ጣታቸው ቆቡን ወደ ላይ ደግፈው ነበር የሚያነቡት። ገጽ ሲገልጡ ቆቡን ይለቁታል፣ ገልጠው ደግሞ ያነሱታል። ሰው ሲያናግሩ አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ ግንባራቸው ይጨማደዳል። ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሲጎትቱ ስለሚውሉ ማታ ማታ ግንባራቸውን ያማቸው ነበር። ወላጃችሁ ላይ ይህን ካያችሁ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ይታከማል።

ከሁሉ በፊት ግን ቆቡ ለምን እንደወረደ ይታወቅ። ይህን ደጋግሜ የምለው ሰው ሁሉ «መቼ ይሠራልን?» ብሎ ስለሚጀምር ነው። ብዙ ጊዜ በዕድሜ የሚመጣው ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ ጅማት ሲሳሳ ወይም ከቦታው ሲላቀቅ ነው። ጡንቻው ደህና ነው፣ መያዣው ነው የላላው። አንዳንዴ ደግሞ ቆቡ ራሱ አልወረደም፤ ከላይ ያለው ቆዳ ረግቦ ተደርቦበት ነው። ቆዳውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉትና የቆቡን ጠርዝ ተመልከቱ። ጠርዙ ቦታው ላይ ካለ ሥራው ትርፍ ቆዳ መቁረጥ እንጂ የላላ ጅማት መስፋት አይደለም።

ቢላ የማያስፈልገውም አለ። ጠዋት ተኝተው ሲነሱ ዓይናቸው ደህና ሆኖ፣ እየመሸ ሲሄድ ቆቡ የሚወርድ ከሆነ፣ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታያቸው፣ መዋጥ የሚያስቸግራቸው ወይም ድምፃቸው የሚደክም ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ። ይህ ጡንቻን የሚያደክም በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም በመድኃኒት ይጀመራል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በሞባይላችሁ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ቪዲዮ ቅረጹ። የድሮ ፎቶም ያዙ። እኔ የአባቴን አሮጌ የቀበሌ መታወቂያ ይዤ ነበር፤ ሐኪሟ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው እሱን ነው። ቆቡ ቀስ በቀስ መውረዱን ከቃላችን ይልቅ ፎቶው ነገራት።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ቆቡ በድንገት ከወረደ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንገት ሕመም አብሮት ካለ፣ አንዱ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም ከጠበበ፣ ዓይኑ ወደ ጎን ከሄደ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ድረሱ። ይህ የቆብ ጉዳይ አይደለም፤ የደም ሥር ወይም የአንጎል አደጋ ሊሆን ይችላል። ቆቡ ወርዶ የተወለደ ሕፃንም ቶሎ መታየት አለበት። ብሌኑ ከተሸፈነ አንጎል በዚያ ዓይን ማየትን ሳይለምድ ይቀራል፣ በኋላ ቆቡ ቢነሳም የቀረው እይታ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። «ሲያድግ ይስተካከላል» የሚል ጎረቤት አይስማችሁ።

የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ውጡ። ወረቀቱ ላይ ቆቡ እይታ እንደሚጋርድ መጻፉን ተመልከቱ፤ ለመልክ ከሚደረገው የሚለየው ይህ ነው። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። በራሳችሁ ግን አታስቁሟቸው፤ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ስኳርና ደም ግፊት እንዳለባቸውም ተናገሩ።

ጊዜውን ስትመርጡ የአገራችንን ኑሮ አስቡ። ከውቂያ በፊት አታድርጉት፤ የገብስ ገለባ ብናኝ ለተሰፋ ቆብ ጠላት ነው። ሁዳዴም አይመችም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ጎንበስ ማለትና ከባድ ማንሳት ስለማይፈቀድ ስግደት አይቻልም። አባቴን ይህን ማሳመን ከቢላው ይልቅ ከብዶኝ ነበር። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው ናቸው «ቆመህ ጸልይ» ያሏቸው። እናንተም አስቀድማችሁ የንስሐ አባት አማክሩ። ጠበልም ቢሆን ዓይናቸውን የሚያስነካ ከሆነ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ።

ኦፕራሲዮኑ አዋቂ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ነው። መርፌው ያቃጥላል፣ ከዚያ በኋላ መጎተቱ እንጂ ሕመሙ አይሰማም። ሐኪሙ በቆቡ ተፈጥሯዊ እጥፋት ላይ ይቀድዳል፣ የላላውን ጅማት ፈልጎ ወደ ቦታው ይሰፋዋል። በመሐል «አባቴ ዓይንዎን ይክፈቱ፣ ይዝጉ፣ ወደ ላይ ይመልከቱ» ይላቸዋል፤ የቆቡን ከፍታ የሚያስተካክለው በዚያ ነው። ጆሯቸው የሚከብድ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ንገሩ። ካልሰሙ አይተባበሩም። ጡንቻው ከመነሻው ደካማ ከሆነ፣ በተለይ ቆቡ ወርዶ በተወለደ ልጅ ላይ፣ ቆቡ በክር መሰል ነገር ከግንባር ጡንቻ ጋር ይታሰራል። ልጅ ሲሆን ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል።

በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ የሚሠራው፣ ሌላው ዓይን በኋላ ወረድ ብሎ ሊታይ እንደሚችል ዕወቁ። ሁለቱ ቆቦች ከአንጎል የሚታዘዙት እኩል ነው። የወረደውን ለማንሳት ብዙ ሲገፋ የነበረው ትእዛዝ ሲቀንስ ደህናውም ዝቅ ይላል። ጥሩ ሐኪም ይህን አስቀድሞ የተጎዳውን ቆብ በጣቱ አንስቶ ይፈትሻል። ካልፈተሸ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ከዚያ የእናንተ ሥራ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ይደረግበታል። ፍሪጅ ከሌለ አታስቡ። ውሃ አፍሉና ከድናችሁ ውጭ አሳድሩት፤ በመንዝ ብርድ እስኪነጋ በረዶ ሊመስል ይደርሳል። ንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ሳትጫኑ አስቀምጡላቸው። ሲተኙ ትራስ ይጨመርላቸው። ማድቤት ጭስ ውስጥ አይቀመጡ፣ ቡናው ሲፈላ ዕጣኑ ራቅ ይበል። ቅባቱን ከመቀባታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ክሩ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አካባቢ ስለሚወጣ እስከዚያ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ዘመድ ጋር ብትቆዩ መንገዱን ትድናላችሁ። መንገድ ሊዘጋ እንደሚችልም አስቡ።

ሌሊት ሲተኙ ቀስ ብላችሁ ሂዱና ባትሪውን በእጃችሁ ከልላችሁ ዓይናቸውን ተመልከቱ። ከቆቡ በታች ነጩ በቀጭኑ ሊታይ ይችላል። የተነሳ ቆብ መጀመሪያ ላይ ሙሉ ለሙሉ አይገጥምም። በሱ በኩል ዓይኑ ይደርቃል፣ ከደረቀ ይቆስላል። ስለዚህ የሌሊቱ ቅባት አይቅር፤ ቀን ጠብታ ከታዘዘም እንደዚያው። የአባቴ ዓይን ጠዋት አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁራቸው ነበር፣ ቅባቱ ላይ ስንጠነክር ለቀቃቸው።

ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ መግል ከታየ፣ ዓይኑ ወደ ውጭ ከተገፋ ወይም እይታው ከደበዘዘ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። እብጠትና መበለዝ ግን ያለ ነው፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ይከስማል። ከፍታው ላይ አትፍረዱ፤ ትክክለኛው መልክ እስኪታይ ሦስት ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። ዓይኑ ደህና ቢመስልም የመጨረሻውን ቀጠሮ አትቅሩ። ቆቡ ከመጠን በላይ ከተነሳ ወይም ከቀረበት ዳግም የሚስተካከልበት ጊዜ የሚወሰነው እዚያ ነው።