የርቀት፣ የፍጥነትና የጊዜ ጥያቄ አልፈታ ሲላችሁ፦ የት ጋ ነው የተበላሸው?

ፎርሙላውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ርቀት ማለት ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ ነው፣ ከዚህ ሌላ የሚሸመደድ ነገር የለም። ታዲያ ጥያቄው በቃላት ተጽፎ ሲመጣ ብዙ ሰው ለምን ግራ ይገባዋል? ተማሪ ሳስጠና ያየሁት አብዛኛው ስህተት ስሌቱ ላይ አይደለም። ምን ከምን ጋር እኩል እንደሆነ ሳይለይ ወደ ስሌት መሮጥ ነው ችግሩ። ከታች የእናንተን ምልክት ፈልጉና ከዛው ጀምሩ።

ምልክት፦ ፎርሙላውን አውቀዋለሁ፣ እኩልታው ግን አይመጣልኝም

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፎርሙላው የሚያገለግለው ለአንድ ጉዞ ነው፣ ጥያቄው ውስጥ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሁለት ጉዞ አለ። ሁለት መኪና፣ ወይም መሄድና መመለስ። የሁለቱን ቁጥር በአንድ ፎርሙላ ውስጥ ስትከቱት ይደበላለቃል።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ መስመር አስምሩና ማን ከየት ወዴት እንደሚሄድ በቀስት አሳዩ። ቀጥሎ ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ፍጥነት፣ ጊዜ፣ ርቀት። ለእያንዳንዱ ጉዞ የራሱ ረድፍ ይኑረው። ሁለቱን ዓምድ ከጥያቄው ሙሉ፣ ያልታወቀው ላይ ፊደል አስቀምጡ። ሦስተኛውን ዓምድ ግን ከጥያቄው አትውሰዱ፣ በፎርሙላው ከሁለቱ አውጡት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ሦስቱንም ከጥያቄው ከሞላችሁ እኩልታ የምትሠሩበት ነገር አይተርፋችሁም።

ከዛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ምኑ ነው እኩል? ከሁለት ጫፍ ተነስተው ከተገናኙ የሁለቱ ርቀት ድምር ከጠቅላላው መንገድ ጋር እኩል ነው። በ300 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ሁለት መኪኖች በሰዓት 70 እና 80 ኪሎ ሜትር እየነዱ ወደ እርስ በርስ ቢመጡ፣ ጊዜውን «ጊ» እንበለውና 70ጊ + 80ጊ = 300 ነው፣ በ2 ሰዓት ይገናኛሉ። ከአንድ ቦታ ተነስተው አንዱ ሌላውን ከኋላ ከደረሰበት ግን ድምር የለም፣ ሁለቱም የሄዱት ርቀት እኩል ነው። ሄዶ በዛው መንገድ የተመለሰም እንደዛው።

ምልክት፦ ጊዜው ኔጋቲቭ ወጣ

ይሄ ሲመጣ አትደንግጡ። ራሱን የሚያጋልጥ ስህተት ስለሆነ እንዲያውም ጥሩ ነው። አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተነሳ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ መኪና ከዛው ቦታ ተነስቶ በ80 ይከተለዋል። መቼ ይደርስበታል? የመጀመሪያው መንገድ ላይ የቆየበትን ጊዜ «ጊ» ብለን ስንነሳ ብዙ ተማሪ የሁለተኛውን ጊ + ½ ብሎ ይጽፋል። «በኋላ» የሚለውን ቃል ሲያይ ደምር የተባለ ይመስለዋል። 60ጊ = 80(ጊ + ½) ብላችሁ ከፈታችሁት ጊ = −2 ይመጣል።

የተምታታው የተነሳበት ሰዓትና መንገድ ላይ የቆየበት ጊዜ ነው። ዘግይቶ የተነሳ መንገድ ላይ የቆየው ያነሰ ነው! ስለዚህ ከተገናኙበት ቅጽበት ወደ ኋላ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ጊ ሰዓት ነድቷል፣ ሁለተኛው ደግሞ ጊ − ½። አሁን 60ጊ = 80ጊ − 40 ይሆናል፣ ጊ = 2። አረጋግጡት፦ የመጀመሪያው 60 × 2 = 120፣ ሁለተኛው 80 × 1½ = 120። ገጠመ።

ምልክት፦ መልሱ ቀረብ ይላል ግን ትክክል አይደለም

ደቂቃውን እዩት። 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃን 1.20 ብላችሁ ጽፋችኋል? 20 ደቂቃ የሰዓት ሲሶ ነው፣ ስለዚህ 1⅓ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከተሰጠ ደቂቃውን ለ60 አካፍላችሁ ብቻ አስገቡ።

ሌላው አማካይ ፍጥነት ነው። ሲሄድ በ60፣ ሲመለስ በ40 ከሆነ አማካዩ 50 አይደለም። መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ቢሆን መሄጃው 2 ሰዓት፣ መመለሻው 3 ሰዓት ይፈጃል። 240 ለ5 ሲካፈል 48። በዝግታ የሄደበት ጊዜ ስለሚረዝም አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል። 120ን በሌላ ቁጥር ቀይሩትና ሞክሩ፣ 48 አይለወጥም።

ምልክት፦ «ያረፍዳል»፣ «ቀድሞ ይደርሳል» ሲባል ጭንቅላቴ ይዞራል

ይሄን ዓይነት ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። አንድ ሰው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከነዳ 10 ደቂቃ ያረፍዳል፣ በ60 ከነዳ 5 ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል። ርቀቱ ስንት ነው? የሚያስቸግረው የቀጠሮው ሰዓት አለመሰጠቱ ነው። 10 ሲቀነስ 5 ብሎ ልዩነቱን 5 ደቂቃ የሚያደርግ ብዙ ነው።

ወረቀት ላይ አግድም መስመር ሥሩና መሃሉ ላይ ቀጠሮውን ነጥብ አድርጉ። ከነጥቡ በስተግራ 5፣ በስተቀኝ 10። በሁለቱ አደራረስ መሃል ያለው 15 ደቂቃ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማለትም ሩብ ሰዓት። ርቀቱን «ር» ካልነው ር/40 − ር/60 = ¼፣ በ120 ስናባዛው 3ር − 2ር = 30። ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ነው። በ40 ሲነዳ 45 ደቂቃ፣ በ60 ሲነዳ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ቀጠሮው ከተነሳ በ35 ደቂቃ ነበር ማለት ነው፣ ሁለቱም ይስማማሉ።

ምልክት፦ ስሌቴ ልክ ነው፣ መልሱ ግን ከመልስ መስጫው ጋር አይገጥምም

የጥያቄውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡ። ጊዜውን አግኝታችሁ ቆማችሁ፣ የተጠየቀው ግን ርቀቱ ሊሆን ይችላል። የባቡር ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ርዝመቱን እዩ። 200 ሜትር የሚረዝም ባቡር 400 ሜትር ድልድይ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አቋርጦ ሙሉ በሙሉ ለማለፍ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? 72ን ለ3.6 አካፍሉ፣ በሰከንድ 20 ሜትር ነው። 400ን ለ20 ካካፈላችሁ 20 ሰከንድ ይመጣል፣ ግን በዛ ሰዓት ድልድዩን የጨረሰው የባቡሩ አፍንጫ ብቻ ነው፣ ጅራቱ ገና ድልድዩ ላይ ነው። የሚቆጠረው ርቀት 600 ሜትር፣ መልሱም 30 ሰከንድ።