የመጀመሪያውን ሴሚስተር የሚያበላሹ ስህተቶች፦ ሀዋሳ ለደረሳችሁ አዲስ ተማሪዎች

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚቸገር ተማሪ ብዙውን ጊዜ ትምህርቱ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት አይደለም። ማወቅ የነበረበትን ዘግይቶ ያውቃል፤ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ካለፈ፣ የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ካለፈ፣ ብሩ ካለቀ በኋላ። ከታች ያሉት ስህተቶች በየዓመቱ ይደጋገማሉ። ቀድሞ ያወቃቸው ተማሪ አንዱንም ለማስቀረት ብዙ አይደክምም።

«ሀዋሳ ደረሰኝ» ብሎ ግቢውን ሳያጣሩ መሳፈር

ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ አይደለም። በ1992 ዓ.ም ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም ለየብቻ የነበሩ ኮሌጆች ተጣምረው ነው፤ የሀዋሳ እርሻ ኮሌጅና የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ ከእነሱ መካከል ናቸው። ኋላም ሌሎች ግቢዎች ተጨመሩ። ዛሬ ከተማው ውስጥ ዋናው ግቢ፣ ቴክኖሎጂ፣ እርሻና ሪፈራል አሉ። ወንዶ ገነት በሻሸመኔ በኩል ነው። አዋዳ ግቢ ይርጋለም፣ ሌላው ደግሞ በንሳ ዳዬ ይገኛል። ከሀዋሳ መናኸሪያ ይርጋለም ለመድረስ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፤ ይህን ማታ ከነሻንጣ ማወቅ ከባድ ነው። የሬጅስትራሩን (የምዝገባ ቢሮውን) ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ፤ ስማችሁ የት ግቢ እንደተጻፈና የምዝገባው ቀን መቼ እንደሆነ እዚያ አለ። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ከሆነ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማለዳ ተነሱና በቀን ድረሱ፤ ዶርም የሚያስረክባችሁ ፕሮክተር ማታ ላይገኝ ይችላል።

ዕቃን በተመለከተ ማስታወቂያዎቹ በየዓመቱ የሚጠይቁት ያው ነው፦ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ። ስህተቱ አንድ ኮፒ ብቻ ይዞ መምጣት ነው። ከእያንዳንዱ ሰነድ አራት ኮፒ አድርጉ፤ ሁሉንም ፎቶ አንሥታችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ። ዋናውን ሰነድ ለማንም ካስረከባችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ለሎከር ጠንከር ያለ ቁልፍ ከቤት ያዙ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ስልክና ላፕቶፕ በብዛት የሚጠፋበት ጊዜ ነው።

«ፍሬሽማን ማለፍ ብቻ ነው፤ ግሬዱ ኋላ ይስተካከላል»

ፍሬሽማን የሚባለው አንደኛ ዓመት ነው። ከሁሉም ይበልጥ ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ነው፤ ስለዚህ በቁጥር እንየው።

ግሬድ ወደ ነጥብ ይቀየራል፦ ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ኤፍ 0። ነጥቡ በኮርሱ ክሬዲት (ለኮርሱ በተሰጠው ክብደት) ይባዛል፤ ድምሩ ለጠቅላላ ክሬዲት ይካፈላል። አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ባለ ሦስት ክሬዲት የሆኑ ስድስት ኮርሶች ወስዶ እንዲህ አመጣ እንበል፦ ሎጂክ ኤ ማይነስ (11.25)፣ እንግሊዝኛ ቢ ፕላስ (10.5)፣ ሳይኮሎጂ ቢ (9)፣ ጂኦግራፊ ቢ (9)፣ ፊዚክስ ቢ ማይነስ (8.25)፣ ሒሳብ ሲ (6)። ድምሩ 54 ነው፤ ለ18 ሲካፈል 3.00 ይሆናል። ሒሳብ ኤፍ ቢሆን ውጤቱ 2.67 ላይ ይወርዳል፤ ኤ ቢሆን 3.33 ይደርሳል። ሌላው ሁሉ ሳይነካ አንድ ኮርስ ብቻ ይህን ያህል ያንቀሳቅሳል። የሰውነት ማጎልመሻው «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ተብሎ ስለሚመዘገብ ስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ ቢሆንም ካልቀረባችሁ ትወድቃላችሁ።

አሁን «ኋላ ይስተካከላል» የሚለውን እንፈትነው። አንደኛ ዓመትን በ36 ክሬዲት 2.20 ይዞ የጨረሰ ተማሪ፣ ጠቅላላው 140 ክሬዲት በሆነ ፕሮግራም 3.00 ይዞ ለመመረቅ ቢፈልግ፣ የቀሩትን 104 ክሬዲቶች በአማካይ 3.28 ማምጣት አለበት። ይቻላል። ነገር ግን የሚጠበቅበት በቀሪዎቹ ዓመታት ነው፤ ያኔ ኮርሶቹ ይከብዳሉ።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ አዲስ ገቢዎች መጀመሪያ የጋራ ኮርሶችን ወስደው ነው ወደ ዲፓርትመንት የሚመደቡት። ምደባው ሲሠራ የፍሬሽማን ውጤት ከምርጫችሁ ጋር ይታያል። «ፍሬሽማን ላይ ዘና በሉ» የሚል ሲኒየር ራሱ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የሰማውን እየደገመ ሊሆን ይችላል። የዘንድሮን የምደባ መስፈርት ከፋኩልቲው ጠይቁ፤ የዶርም ወሬ አይበቃም።

«ፋይናል ላይ እቸክላለሁ»

ሃይስኩል ውስጥ የሠራው ይህ ዘዴ ግቢ ውስጥ የማይሠራበት ግልጽ ምክንያት አለ። ከመቶው ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ከፋይናል በፊት በኩዊዝ፣ በሚድና በአሳይመንት ያልቃል። ከፋይናል በፊት ካለው 50 ውስጥ 22 ብቻ የያዘ ተማሪ ድምሩን 70 ለማድረስ ከፋይናሉ 50 ውስጥ 48 ማግኘት አለበት። 38 የያዘው ግን 32 ይበቃዋል። ሁለቱን የለያቸው ጭንቅላታቸው አይደለም፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የተሰጠው ኩዊዝ ነው።

መደረግ ያለበት ይህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከእያንዳንዱ መምህር የኮርስ አውትላይን (የኮርሱን ዕቅድ) ያዙ። የኩዊዝና የሚድ ቀን እንደተነገረ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ሎከር በር ላይ ለጥፉ። ክፍል ከመግባታችሁ በፊት የዕለቱን ርዕስ ለ20 ደቂቃ አንብቡ፤ ከባድ የሚመስሉ ቃላትን ለይታችሁ ትርጉማቸውን እዩ። ይህ በተለይ እንግሊዝኛው ለሚያስቸግረው ተማሪ ነው፦ መምህሩ ሲናገር ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ተማሪ በቃሉ ላይ ሲቆም ሐሳቡ ያመልጠዋል። ከክፍል ከወጣችሁ በኋላ በዚያው ቀን ኖቱን ዘግታችሁ ያስታወሳችሁትን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ስላይድ ደጋግሞ ማንበብ የተረዳችሁ ያስመስላል፤ ዘግቶ መጻፍ ግን ያልተረዳችሁትን ወዲያው ያሳያል። ሒሳብና ፊዚክስ በንባብ አይጠኑም። የተሠራውን ምሳሌ ሸፍናችሁ ከባዶ ወረቀት ሥሩት፤ የቆማችሁበትን መስመር ይዛችሁ መምህሩን ጠይቁ።

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ጠቃሚ ናቸው፤ የጥያቄውን ዓይነት ያሳያሉ። እነሱን ብቻ ሸምድዶ የገባ ግን መምህሩ ቁጥሩን ሲቀይር ወይም መምህሩ ራሱ ሲቀየር ይወድቃል።

ሐይቁን እንደ መዋኛ ገንዳ ማየት

ሀዋሳ ደርሶ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ሳይሄድ የሚቀር የለም፤ መሄዱም መልካም ነው። ውሃው ውስጥ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የቢልሃርዚያ ሥጋት አለበት። ተሸካሚዎቹ ቀንድ አውጣዎች በዳርቻው ሣር መካከል ይኖራሉ፤ ጥገኛ ተውሳኩ ከእነሱ ወጥቶ የሰው ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ውሃውን አለመጠጣት አያድንም፤ እግር መንከር ብቻ ይበቃል። ከገባችሁና ሳምንታት ቆይቶ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካያችሁ፣ ሐይቅ መግባታችሁን ለሐኪሙ ንገሩት፤ ምርመራም መድኃኒትም አለው። ጉማሬም እዚያ እንዳለ አትርሱ።

ከደጋ ለመጣ ተማሪ ሁለተኛው አዲስ ነገር ወባ ነው። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ትንኝም ወባም አለባት። አጎበር ከቤት ያዙ፤ ጫፉን ፍራሹ ሥር አስገብታችሁ ተኙ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጀመራችሁ በዕለቱ ክሊኒክ ሂዱና ደም ተመርመሩ። የዶርም ጓደኛ የተረፈውን ኪኒን መዋጥ በሽታውን ለጊዜው ይደብቃል፤ ያም ይበልጥ አደገኛ ነው።

ብሩን በመጀመሪያው ሳምንት መጨረስ

ከቤት የተሰጠው ብር የሚያልቀው በትልቅ ወጪ አይደለም፤ በባጃጅ፣ በላውንጅ ሻይና በብድር ነው። ወሩን በአራት ከፍላችሁ የሳምንቱን ብቻ አውጡ፤ ቀሪው ባንክ ይቀመጥ። ነን ካፌ (የግቢውን ካፌ ትቶ ውጪ የሚበላ ተማሪ) ለመሆን ከማሰባችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ካፌ ብሉና ውጪ የሚከፈለውን በየቀኑ ጻፉ። የወጪ መጋራት ውሉን ሳያነቡ አትፈርሙ፤ ከተመረቃችሁ በኋላ የሚከፈል ዕዳ ነው። ኮፒውን ያዙ።

ሲታመሙ ወይም ሲጨነቁ ዝም ብሎ ወደ ቤት መሄድ

ይህ ጥሩ ተማሪዎችን ሳይቀር ያስባርራል። ሳይነግር የሄደ ተማሪ መዝገብ ላይ የታመመ አይባልም፤ የቀረ ይባላል፤ ያልተፈተነው ፈተናም ዜሮ ሊሆንበት ይችላል። ፈተና ካመለጣችሁ በመጀመሪያ የግቢውን ክሊኒክ ማስረጃ ያዙ፣ በዚያው ሳምንት ለመምህሩና ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቀንና ማኅተም ያለበትን ኮፒ አስቀሩ። ሴሚስተሩን መቀጠል ካልቻላችሁ ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ሞልታችሁ፣ የቤተ መጻሕፍትና የዶርም ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ማረጋገጫ) ጨርሳችሁ ውጡ። በዚህ መንገድ የወጣ በሪአድሚሽን (በድጋሚ ቅበላ) የመመለስ ዕድል አለው። ግሬዳችሁ ላይ ቅሬታ ካላችሁም ማመልከቻው ተቀባይነት የሚኖረው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ውጤቱ በተለጠፈ ዕለት ፖርታሉን እዩ፣ በማግስቱ ቢሮ ሂዱ።