ከፍቶ፣ አሳድጎ፣ አስረክቦ መውጣት፦ የሰሜን ሸዋ ነጋዴ የሚደጋግማቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ሱቅ፣ ዳቦ ቤት ወይም ጋራዥ የሚከፍት ሰው ሞልቷል። ከፍቶ የሚያሳድግም አይጠፋም። በሰላም አስረክቦ የሚወጣ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሥራ ባለቤቱ ሲታመም ይዘጋል። ወይ ወራሾች ይካሰሱበታል። ወይ ደግሞ ማሽኑ በብረት ዋጋ ይሸጣል። የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሂሳብ ስለምሠራ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። መጨረሻው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና ሲጀመር ነው። እኔ አንድን ሥራ የምለካው «ባለቤቱ ባይኖር ይቀጥላል ወይ?» ብዬ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች መልሱን «አይ» የሚያደርጉ ናቸው።

ጎረቤት የከፈተውን መክፈት

አንድ ካፌ ሰው ከሞላው፣ በዓመቱ እዚያው መስመር ላይ ሌሎች ካፌዎች ይደረደራሉ። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ፣ በኋላም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከመጣ ወዲህ ከተማዋ ሰፍታለች። የሰፋች ከተማ ግን ማኪያቶ ብቻ አትፈልግም። የሥራ ልብስ የሚሰፋ ትፈልጋለች። የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልል ትፈልጋለች። ለሠራተኞች ምሳ በብዛት አብስሎ የሚያደርስ ትፈልጋለች። እነዚህ ሥራዎች ከውጭ ሲታዩ አያምሩም። ለዚህም ነው ተፎካካሪ የማይበዛባቸው።

የቦታው ጠባይም ይታይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሊጥ ቶሎ አይነሳም። አዲስ አበባ የለመደውን ሰዓት ይዞ የመጣ ጋጋሪ፣ ደንበኛ ሲሰለፍ እሱ ገና ሊጡን እየጠበቀ ይገኛል። ጣርማ በርን ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ ደግሞ ሙቀት ይቀበላችኋል። ጭማቂ ቤት እዚያ ያዋጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን በሐምሌ ዝናብ የቀዘቀዘ ጭማቂ ማን ይጠጣል?

የጾሙም ነገር አለ። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸኖ ያለው መስመር ለአዲስ አበባ ወተት ያቀርባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ላሟ ግን አትጾምም። ወተቱ ይመጣል፣ ጠጪው ይጠፋል፣ ዋጋው ይወርዳል። ፍልሰታና ጾመ ነቢያት ሲጨመሩ ደግሞ አስቡት። ወተት ሰብሳቢ ሆኖ ቅቤ ማውጫ ሳያዘጋጅ፣ ወይም ለጾሙ ወራት ገንዘብ ሳያስቀምጥ የከፈተ ሰው በየዓመቱ «ዘንድሮ ገበያ ሞተ» ይላል። ጾሙ የሚገባበት ቀን እኮ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል።

መሳቢያውን ኪስ ማድረግ

ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። ባለቤቱ ከመሳቢያው ያነሳል። ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለእድር፣ ለጥር ሠርግ፣ ለተዝካር። ማታ የተረፈውን ትርፍ ይለዋል። እሱ ግን ነገ ዱቄት የሚገዛበት ገንዘብ ነው። ዱቄቱ ሲያልቅ ብድር ይጠየቃል፣ ወይም ዕቁብ ቶሎ እንዲደርሰው ሰው ይለመናል።

መድኃኒቱ ለራስ ደመወዝ መቁረጥ ነው። ትንሽም ቢሆን በየወሩ የተወሰነ ይሁን። ከዚያ በላይ የተነሳው ሁሉ «ባለቤት የወሰደው» ተብሎ ይጻፍ። አስቤዛም ከሱቁ መደርደሪያ ከተወሰደ ይጻፍ።

ባልና ሚስት አብረው የሚሠሩ ከሆነ ለሁለቱም ደመወዝ ይቆረጥ። ይህን ስል ብዙ ሰው ይስቃል። «ለገዛ ሚስቴ ደመወዝ?» ይላል። እሷ ግን ከሌሊቱ ጀምራ ወጥ ትሠራለች፣ ሂሳብ ትቀበላለች፣ ማታ ታጥባለች። እሷ ስትወልድ ወይም ስትታመም ሁለት ሰው ይቀጠራል። ያኔ «ትርፋማው» ምግብ ቤት ትርፍ እንደሌለው ይታወቃል። ትርፍ ተብሎ ሲቆጠር የኖረው የእሷ ያልተከፈለ ድካም ነበር። ምግብ ቤቱን ልግዛ ብሎ የሚመጣ ብልህ ሰው ይህን በአንድ ጥያቄ ይደርስበታል፦ «ወጥ የምትሠራው ማን ናት?»

እዚህ ላይ የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። ሽያጭን አሳንሶ የሚያስመዘግብ ሰው በየዓመቱ ያተረፈ ይመስለዋል። ከባንክ ብድር ሲጠይቅ ወረቀቱ «ይህ ሰው ገቢ የለውም» ይላል። ሲሸጥም እንደዚያው። ገዢው ፊት «ወረቀቱን ተወው፣ እውነተኛው ሌላ ነው» ማለት ይጀምራል። ለግብር ሰብሳቢ ድሃ፣ ለገዢ ሀብታም መሆን አይቻልም። ገዢም ዋጋ የሚያወጣው በሚያየው ወረቀት ነው።

ዱቤን ያለ ጣሪያ መስጠት

«ዱቤ አትስጡ» የሚለው ምክር ለእኛ አገር አይሠራም። መንዝ ውስጥ ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው እህሉ ሲወቃ ወይም በጉ ሲሸጥ ነው። ያለ ዱቤ ሱቅ አይቆምም። ለአንድ ቤት ከፍተኛው መጠን ይወሰን። መክፈያውም በሰውየው ገቢ ወቅት ይሁን፤ የበልጉ በበልግ፣ የመኸሩ በመኸር።

ደብተሩንም ጠብቁ። በ2013 አጣዬ ላይ፣ በ2014 ሸዋ ሮቢት ላይ የደረሰውን የአካባቢው ነጋዴ አይረሳውም። ሱቅ ሲወድም የዱቤ ደብተርና የኪራይ ውልም አብሮ ይሄዳል። በየሳምንቱ በስልክ ፎቶ እያነሱ ሌላ ከተማ ላለ ለሚታመን ሰው መላክ ምንም ወጪ የለውም።

«ሁሉን እኔ» ማለት

ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ዋጋው በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። አቅራቢውን የሚያውቀው እሱ ነው። የሊጡን ልክ የሚያውቀውም እሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ስልኩ አያርፍም። «ጋሼ፣ ይሄኛው በስንት ነው?» ለእሱ ይህ ታታሪነት ነው። ሰውም ያመሰግነዋል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ቤት ሳይ የሚታየኝ ሊሸጥ የማይችል ቤት ነው። ገዢው ሊገዛ የሚችለው ምድጃውንና መደርደሪያውን ብቻ ነው፤ ሥራው በባለቤቱ ጭንቅላት ተጭኖ ይሄዳል።

ማስረከብ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የዋጋ ዝርዝር ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቀጥሎ የመክፈቻና የመዝጊያ ቁልፍ ለሌላ ሰው ይሰጥ። ከዚያ የዕለት ሂሳብ፤ ሠራተኛው ይቁጠር፣ እናንተ ተቀበሉ። አቅራቢ ማነጋገርና ዋጋ መከራከር የመጨረሻው ይሁን፤ እሱ ጊዜ ይፈልጋል።

«ይሰርቁኛል» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ሊሆን ይችላል። ግን ቀኑን ሙሉ ገንዘብ መቀበያው ላይ ተቀምጦ የተሰረቀ ሰውም ብዙ ነው። ከአንድ ኩንታል ዱቄት ስንት ዳቦ እንደሚወጣ ካወቃችሁ፣ ማታ ባዶውን ጆንያና የተሸጠውን ዳቦ ማስተያየት ይበቃል። በዓይን ከመጠበቅ በቆጠራ መጠበቅ ይሻላል።

ሥራችሁ የት እንደደረሰ ማወቅ ከፈለጋችሁ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሂዱና ሳምንት ሰንብቱ። ስልክ ዝጉ። ለነፍስም ለሂሳብም ይጠቅማል። ስትመለሱ የተበላሸው ነገር ዝርዝር ይጠብቃችኋል። በዚያ ላይ አትጩኹ። የሚቀጥለው ወር ሥራችሁ እሱን አንድ በአንድ ማስተካከል ነው።

ዘመድን በቃል መቅጠር

የአክስት ልጅ ከሞላሌ ወይም ከመሐል ሜዳ ይመጣል። ይበላል፣ ያድራል፣ ይሠራል። ደመወዙ «እንተያያለን» ነው። ዓመታት ያልፋሉ። ሱቁ ሲሸጥ ልጁ «ድርሻ አለኝ» ይላል። እናንተ «ያሳደግኩት ልጅ ካደኝ» ትላላችሁ። እኔ ብጠየቅ ግማሽ እውነቱ ከልጁ ጋር ነው እላለሁ።

ዘመድ መቅጠር ነውር የለውም። ስህተቱ ያለ ውል መሆኑ ነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ዘመድና ባዕድ አይለይም። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ለጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ የስንብት ክፍያ ይመጣል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለተከታዮቹ ዓመታት የዚያ ሲሶ እየተጨመረ ይሄዳል። ይህን ዛሬ በደብተር ያልያዘ ሰው በሚዘጋበት ቀን ይደነግጣል።

ሌላም የሚሰማ እሮሮ አለ። «ሙያ አስተምሬው ፊት ለፊቴ ከፈተ።» እውነቱን ለመናገር፣ ጎበዝ ሠራተኛ እድሜ ልኩን በዚያው ደመወዝ አይቆይም። ከመሄዱ በፊት ከትርፉ ትንሽ መቶኛ ብትሰጡት ምናልባት ነገ ሥራውን የሚገዛችሁ እሱ ነው። ከእሱ የተሻለ ገዢ አላየሁም። ቤቱን ያውቀዋል፣ ደንበኛው ያውቀዋል።

ሽርክናን በመተማመን ብቻ መጀመር

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለሸሪኮች ይመስላል። ሁለት ጓደኛሞች ሚኒባስ ወይም ወፍጮ ይገዛሉ። ማን ስንት እንዳወጣ ይጻፋል። አንዱ ልውጣ ቢል ዋጋው እንዴት እንደሚተመን፣ ቢሞት ሚስቱ ምን እንደምትወስድ አይጻፍም። «ሞት አትጥራ» ይባላል። ውሉ የሚያስፈልገው ግን ለዚያ ቀን ነው።

ከዚህ የባሰው የስም ሽርክና ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው የወንድሙን ወይም የጓደኛውን ስም በጥቂት ድርሻ «ለማሟያ» አስገባ። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል። የድሮው ማሟያ ስም ግን እዚያው ፋይሉ ውስጥ አለ። ማኅበሩ ሲሸጥ ፊርማው ይፈለጋል። ሰውየው ውጭ አገር ሄዶ ይሆናል፣ ሞቶ ይሆናል፣ ወይም ዋጋውን ሰምቶ ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል። እንዲህ ያለ ስም ያለበት ሰው ሳይሸጥ ገና፣ ሰላም እያለ ያስተካክለው።

ልጅን ሳይጠይቁ ወራሽ ማድረግ

አባት «ለልጄ ነው የምለፋው» ይላል። ልጁ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እየሠራ ነው። ጠይቁት። «አልፈልግም» ካለ አትቀየሙ፤ ሌላ ሰው ለማዘጋጀት ጊዜ ሰጣችሁ። «እሺ» ካለ ደግሞ በእውነት ስጡት። ብዙ አባት ፈቃዱን በልጁ ስም አዙሮ ራሱ በረንዳው ላይ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ደንበኛው በልጁ ላይ አልፎ «ጋሼ፣ ቀንሱልኝ እንጂ» ይላል። አባት ይቀንሳል። ልጁ በዚያን ቀን ሥራውን በልቡ ይለቃል።

በላብ ዋጋ መተመን

ሻጭ የሚቆጥረው የደከመበትን ዓመት ነው። ገዢ የሚቆጥረው ገንዘቡ በስንት ዓመት እንደሚመለስ ነው። ሁለቱ አይገናኙም፣ ሥራውም ሳይሸጥ ያረጃል። ዋጋ የሚያወጡት የተጣራ ትርፉ፣ የማሽኑ ሁኔታ፣ የደንበኛው ታማኝነትና የኪራይ ውሉ ናቸው። የኪራይ ውሉ በተለይ። ከአከራዩ ጋር በቃል ብቻ የተስማማ ሰው የሚሸጠው ሱቅ ነገ «ልቀቅ» ሊባል ይችላል። ለመውጣት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የጽሑፍ ውል አሳድሱ፤ አከራዩ ለገዢው ለማዞር መስማማቱም ውሉ ላይ ይግባ። ንብረቱ የትዳር ከሆነ ደግሞ የትዳር ጓደኛችሁ ፊርማ ሳይኖር ቀብድ አትቀበሉ።

ሠራተኞችን ከእንግዲህ አያገባኝም ማለትም ያስጠይቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት የድርጅት ባለቤትነት መተላለፉ ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም። ስለዚህ የሠራተኞቹ ስም፣ ደመወዝ፣ የቀረ የዓመት ፈቃድና ያልተከፈለ ጡረታ ተዘርዝሮ ለገዢው ይሰጥ። ሠራተኞቹም ወሬውን ከገበያ ከመስማታቸው በፊት ከእናንተ ይስሙት።

በሩን ቆልፎ መሄድ

ሥራ ያልተሳካለት ወይም የሰለቸው ሰው ቆልፎ ይሄዳል። ፈቃዱን አይመልስም። መዝገቡ ላይ ግን ሥራው ክፍት ነው። ግብር ይጠበቅበታል፣ ቅጣት ይከተላል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ «ዕዳ አለብህ» ይባላል። ስለዚህ ሲዘጋ ሂሳቡን ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጋር መጨረስ፣ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት) መያዝ፣ ፈቃዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤት መመለስ ያስፈልጋል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ካለም እሱም በሥርዓት ይዘጋል። ከገዢ ጋርም ቢሆን «በአንተ ፈቃድ ለጊዜው ልሥራ» የሚለውን ልመና አትቀበሉ፤ የሚመጣው ዕዳ በእናንተ ስም ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ትቀራለች። የሱቁ ስልክ ቁጥርና ቴሌብር ብዙ ጊዜ በባለቤቱ በራሱ ስም ነው። ታፔላው ላይ የተጻፈውም ያው ቁጥር ነው። ከሽያጩ በኋላም ደንበኛ በለመደው ቁጥር ብር መላኩን ይቀጥላል። ቁጥሩ ለገዢው ይዛወር እንደሆነ፣ ካልተዛወረም የሚገባው ገንዘብ በየስንት ቀኑ እንደሚተላለፍ ውሉ ላይ ይጻፍ።