አልቦርቅ ያሉኝ ጥጃዎች፣ እንዴት እንደፈታሁት

ሰላም ሰዎች፣ እዚህ ጎንደር አዘዞ አካባቢ ሁለት የፈረንጅ ክልስ ጥጆች አሉኝ፣ አንዱ የ5 ሳምንት አንዷ የ6፣ ወተታቸውን ይጠጣሉ ግን ዝም ብለው ቆመው ነው የሚውሉት፣ ጭራ ሰቅሎ መሮጥ የለ መፈንጨት የለ። ታመው መስሎኝ ትኩሳት አስለካሁ፣ ኖርማል፣ ተቅማጥም የለም።

ችግሩ ቤቱ ነበር። ለየብቻ በጣውላ ከፍዬ ባጭር ገመድ አስሬያቸው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በዚህ ክረምት ደግሞ ሁሌ እርጥብ። (አዲስ ቤት ለገባ ሁሉ "እንቦሳ እሰሩ" እያልን አድገን መሰለኝ ማሰሩን ብቻ የያዝነው ሃሃ) ጥጃ እኮ ለመቦረቅ መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ የሚያንሸራትት ወለል ላይ ደፍሮ አይዘልም፣ ጓደኛ ከሌለው ደሞ ከማን ጋር ግንባር ለግንባር ይጋፋል?

መሀል ያለውን ጣውላ ነቀልኩ፣ ገመዱን ፈታሁ፣ ሽንቱ እንዲወርድ ወለሉን ትንሽ ዘቅዘቅ አስደረግኩና የጤፍ ጭድ ወፈር አርጌ ነሰነስኩ፣ የረጠበውን በየቀኑ አወጣለሁ። ወተትም ለእያንዳንዳቸው በቀን ከ4 ሊትር ወደ 6 ቀስ በቀስ ከፍ አረግኩ፣ የራበው ጥጃ አይጫወትማ።

የፈታኋቸው ቀን እንደ እብድ ሮጡ፣ እሱን አትመኑት፣ ታስሮ የቆየ ጥጃ ሲለቀቅ የተጠራቀመውን ነው የሚያወጣው። እኔ ያመንኩት በ2ኛው ሳምንት ጠዋት አዲስ ጭድ ስበትን ሁለቱም ሲፈነጩ ሳይ ነው። አንድ ጣጣ ግን፣ ከወተት በኋላ ጆሮ ለጆሮ መጠባባት ጀመሩ፣ በባልዲ ማጠጣቱን ትቼ በጡጦ ሳጠጣቸው ቀነሰ።