በበዓል ቀን እስከ በረካ መቀመጥ

በዓል በመጣ ቁጥር ባሕር ዳር ውስጥ ያሉ ዘመዶቻችንን ሁሉ በአንድ ቀን ለማዳረስ ከሰፈር ሰፈር በባጃጅ ስንሯሯጥ፣ በየቤቱ አንድ ጉርሻና ግማሽ ብርጭቆ ጠላ ቀምሶ መውጣት ልማድ ሆኖብናል። እኔ ግን ካለፈው ገና ጀምሮ በቀን ከሁለት ቤት በላይ አልይዝም፤ በገባሁበትም ቤት ቡናው ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ እስኪደርስ አልነሣም።

ጨዋታው ከበግ ዋጋ አልፎ ሰው በልቡ ወደያዘው ጉዳይ የሚዞረው፣ እንደ እኔ ትዝብት፣ አብዛኛውን ጊዜ በቶናው ላይ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት፣ አባታቸው በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመጡ እንደነበር የነገሩኝ ሁለተኛውን ሲኒ እየቀዱልኝ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ስንጎራበት ይህን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ለቀሩት ዘመዶች ጊዜ አይጠፋም። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን አለ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ደግሞ 50 ቀን ስለሚቆጠር በየእሑዱ አንድ ቤት ማዳረስ ይቻላል። ስልክዎን ድምፁን አጥፍተው በኪስዎ ያቆዩ። መምጣትዎንም በዋዜማው ያሳውቁ፤ አለበለዚያ ባለቤቲቱ ማዕድ ቤት ውስጥ ትውላለች። እጅ መንሻ ካሰቡ ጥሬ ቡና ይዘው ይሂዱ፤ ሲቆላ አጠገቧ ተቀምጦ ለማውጋት ጥሩ ምክንያት ይሆንዎታል።