ሌባ የገባበት ቤት፦ ዱካ የሚያጠፉና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አንድ የስልክ ሱቅ ሌሊት ተሰብሮ አድሮ ጠዋት ስንደርስ፣ ባለቤቱ የመስታወቱን ስብርባሪ ጠርጎ ባንኮኒውንም በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ ጨርሶ ነበር። በድንጋጤ ያደረገው ስለሆነ አይፈረድበትም፤ ሆኖም መርማሪዎቹ የሚያነሡት አሻራ አላገኙም። የጣት አሻራ በአብዛኛው የላብና የቅባት ቅሪት በመሆኑ እንደ መስታወት ባለ ለስላሳ ገጽ ላይ በደንብ ይቀመጣል፤ በአንድ ውልወላ ግን ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው ስህተት ፖሊስ ሳይደርስ ማጽዳት ነው። የአዳማ ንፋስ አቧራ ላይ የታተመ የጫማ ዱካን ስለማይምር፣ ዱካውን ሳይነኩ ሰፋ ያለ ሳፋ ደፍቶበት መጠበቅ ይበጃል።

የሌባው ደም የፈሰሰበትን ጨርቅ በፌስታል ቋጥሮ ለፖሊስ መውሰድም የተለመደ ስህተት ነው። ፌስታል እርጥበትን አፍኖ ስለሚይዝ ደሙ ይበሰብሳል፤ ዲኤንኤውም ይበላሻል። ጨርቁን ባለበት ይተዉት፤ ማንሣት ግድ ከሆነ ግን የወረቀት ከረጢት ይሻላል።

የደኅንነት ካሜራ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ምስሉን «በኋላ አወጣዋለሁ» ብለው ያሳድሩታል። የመቅጃው ማኅደር ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ በላዩ ላይ ስለሚቀዳ፣ መዘግየት ማስረጃውን ሊያሳጣ ይችላል። ስክሪኑን በስልክ መቅረጽም እንደ ባጃጅ ታርጋ ያለውን ዝርዝር ያደበዝዘዋል፤ ዋናው ፋይል ራሱ መገልበጥ አለበት። ስለ ሰዓቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለውን መቅጃው 02:00 ብሎ ስለሚመዘግበው፣ ይህን ሳያስተውሉ 08:00 ላይ ፈልገው «ምንም የለም» ያሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። የመቅጃው ሰዓት ከትክክለኛው ምን ያህል እንደሚለይም በወረቀት ጽፎ ማስረከብ ይገባል።

የስልክ ካርቶን መጣልም ያስቆጫል። በካርቶኑ ላይ የታተመው ባለ 15 አሃዝ የአይኤምኢአይ (የቀፎው መለያ) ቁጥር ሌባው ሲም ቢቀይርም ከቀፎው ጋር ይኖራል። ስልክዎ ዛሬ በእጅዎ ካለ *#06# ደውለው ቁጥሩን ይመዝግቡት። የማስፈራሪያ መልእክት የደረሰው ሰውም በንዴት አያጥፋው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን (ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን) ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል፤ ዘግይቶ ማመልከት ይህን ዕድል ያጠባል።

በጣም የምፈራው ግን የተጠረጠረን ሰው ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ «ሌባው ይኸው» ማለትን ነው። እውነተኛው ጥፋተኛ ከሆነ ያስጠነቅቀዋል፤ ካልሆነ ደግሞ የንጹሕ ሰው ስም ይጠፋል። አሻራ ማን እንደነካ እንጂ መቼ እንደነካ አይናገርም፤ ባለፈው ሳምንት በሩን የጠገነው አናጢም አሻራውን ትቶ ሄዷል። ባለሙያም ይሳሳታል፦ በ2004 እ.ኤ.አ. ከማድሪድ የባቡር ፍንዳታ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃን አሻራ በስህተት ከፍንዳታው ጋር አያይዞ ለ2 ሳምንት ያህል አስሮታል። ስለዚህ የቤቱ ሰዎችና ሠራተኞች ሲጠየቁ ሳይከፋቸው አሻራቸውን ቢሰጡ፣ መርማሪው የእነሱን ለይቶ በማውጣት የባዳውን ብቻ ይከታተላል።