ሶሲዮሎጂ 101 ለምትወስዱ፦ ቲዎሪዎቹን በእድር አጥኗቸው

አሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብታችሁ የሶሲዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) መግቢያ ኮርስ ከወሰዳችሁ፣ ገና መጀመሪያው ላይ ሦስት ቲዎሪዎች ይመጣሉ፦ ፈንክሽናሊዝም፣ ኮንፍሊክት ቲዎሪ እና ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም። ትርጉማቸውን መሸምደድ ብዙ አይጠቅምም። ፈተናው አንድ ሁኔታ ይሰጥና "ይህ የየትኛው እይታ ነው?" ሲል ይምታታል።

መላው ቀላል ነው። እድርን ውሰዱና በሦስቱም ዓይን እዩት። ፈንክሽናሊዝም "እድር ለማኅበረሰቡ ምን ይሠራል?" ይላል። ሐዘን ሲደርስ ወጪ ይሸፍናል፣ ሰው ያሰባስባል፣ ያስተሳስራል። ኮንፍሊክት ቲዎሪ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ውሳኔው በማን እጅ ነው? መዋጮ መክፈል ያቃተውስ ምን ይሆናል? ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። ማን የት ይቀመጣል? "ነፍስ ይማር" ማለት በሰዎቹ መካከል ምን ትርጉም አለው? ለቅሶ ያልደረሰ ሰው እንዴት ይታያል?

የሚሠራው ለምንድን ነው? ቲዎሪዎቹን የሚለያቸው የሚያነሱት ጥያቄ ስለሆነ ነው። ጉዳዩ አንድ ሲሆን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ከየቲዎሪው ጋር የሚነሱትን አሳቢዎች ስም መለጠፍ አይከብድም፦ ዱርኬም ከመጀመሪያው፣ ማርክስ ከሁለተኛው፣ ጆርጅ ኸርበርት ሚድ ከሦስተኛው ጋር። እድር የማትወዱ ከሆነ እቁብም ይሆናል። ዋናው ነገር ደህና አድርጋችሁ የምታውቁት መሆኑ ነው።

ይህ ግን ለማጥኛ ነው። የጥናት ወረቀት ስትጽፉ "እኛ ሰፈር እንዲህ ነው" ማለት እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። እዚያ ላይ የታተመ ጥናት መጥቀስ ግድ ነው።